እጁን ከማዕድ የሚሰበስብ ሰው
(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በዛሬው ዝግጅታችን ብዙ ስለማይወራለት የሕመም ዓይነት እንነጋገራለን። ከእናትና ከአባት በዘር የሚወረስ ሕመም ነው። የሚያገኘው ጥቂት ሰዎችን ነው። ችግሩም የበላነው ምግብ በሰውነታችን ውስጥ ተሰባብሮ ወደ ሥጋና ወደ ኃይል በሚለወጥበት ሥርዓት ላይ ነው። ሐኪሞች ይህን ሥርዓት ሜታቦሊዝም ይሉታል። የሕመሙ ዓይነት በመቶዎች የሚቆጠር ስለሆነ በአንድ ዝግጅት ተዘርዝሮ አያልቅም። ስለዚህ ከሁሉም በደንብ ከተጠኑት አንዱን፣ ፌኒልኬቶኑሪያ፣ በአጭሩ ፒኬዩ የተባለውን ምሳሌ አድርገን እንይዛለን።

የምንናገረው ግን ስለ ሕፃናቱ አይደለም። አድገው፣ ተምረው፣ ሥራ ይዘው፣ አግብተው ከመካከላችን ስለሚኖሩት ነው። ሲታዩ ጤነኞች ናቸው። ነገር ግን ጤንነታቸው በየዕለቱ በድካም የሚጠበቅ ጤንነት ነው። እኛ ዘመዶቻቸው፣ ጎረቤቶቻቸውና አስተናጋጆቻቸው ይህን ካላወቅን በፍቅር እጃችን ልናፈርስባቸው እንችላለን። የዛሬው መልእክታችን ይኸው ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ ሽንብራ፣ ሌላው ቀርቶ የምንጋግረው እንጀራ ሁሉ ፕሮቲን አለበት። ፕሮቲን በሆዳችን ሲፈጭ አሚኖ አሲድ ወደሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ይበተናል። ከእነዚህ አንዱ ፌኒልአላኒን ይባላል። በጤነኛ ሰው ጉበት ውስጥ አንድ ኢንዛይም አለ፤ ሥራው ትርፍ የሆነውን ፌኒልአላኒን ወደ ሌላ ጠቃሚ ነገር መለወጥ ነው። ፒኬዩ ያለበት ሰው ይህ ኢንዛይም የለውም፣ ወይም ያለው በቂ አይደለም። ያልተለወጠው ፌኒልአላኒን በደም ውስጥ ይከማቻል፣ ወደ አንጎልም ይደርሳል። በአራስነቱ ሕክምና ያላገኘ ልጅ ሲወለድ ምንም የማይታይበት ሆኖ ሳለ፣ በወራት ውስጥ አእምሮው እየተጎዳ ይሄዳል። ያ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ደግሞ የሚመለስ አይደለም።

ይህ የታወቀው በአንዲት እናት ጽናት ነው። በኖርዌይ አገር ሁለት ልጆቿ አእምሯቸው ያልጎለበተ አንዲት እናት ነበረች። ከልጆቿ ሽንት የሚወጣው እንግዳ ሽታ አላስተኛት ስላለ ከሐኪም ሐኪም ተንከራተተች። እ.ኤ.አ በ1934 አስቢዮርን ፎሊንግ የተባለ የኬሚስትሪም ዕውቀት የነበረው ሐኪም ሽንቱን መረመረ፤ የብረት ክሎራይድ ሲጨምርበት አረንጓዴ ሆነ። ምክንያቱን ፈልፍሎ አገኘው። ለእነዚያ ልጆች ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

ሕክምናውም የመጣው በሌላ እናት ውትወታ ነው። በእንግሊዝ በርሚንግሃም ከተማ እ.ኤ.አ በ1951 አንዲት እናት ልጄን አንድ ነገር አድርጉላት ብላ ሐኪሞቹን አላስቀምጥ አለቻቸው። ሆርስት ቢከል የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ ፌኒልአላኒን የተቀነሰበት ምግብ አዘጋጁ። መቆምም መራመድም ያልቻለችው ልጅ ከወራት በኋላ መዳኽና መቆም ጀመረች። ሐኪሞቹ በእርግጥ የምግቡ ውጤት መሆኑን ለማወቅ ፌኒልአላኒኑን መልሰው ሲጨምሩ ልጅቷ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ኋላ ተመለሰች። ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ፦ ለዚህ ሕመም መድኃኒቱ ሰሐኑ ላይ ያለው ነው፤ መርዙም እዚያው ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሕመሙን ቀድሞ የማወቅ ብልሃት ነው። በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ የነበረ ሮበርት ጋትሪ የተባለ ተመራማሪ ከአራስ ልጅ ተረከዝ በምትወሰድ፣ ወረቀት ላይ በምትደርቅ ጠብታ ደም ምርመራ ማድረግ የሚቻልበትን ዘዴ አገኘ። የሚስቱ የእህት ልጅ በዚህ ሕመም የተጎዳች ነበረች። የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ በ1963 ምርመራውን በሕግ ግዴታ አደረገ። እንግሊዝም በ1969 በአገር ደረጃ ጀመረች። ዛሬ በአሜሪካም በአውሮፓም የሚወልዱ እህቶቻችን ነርሷ የልጃቸውን ተረከዝ ስትወጋ የሚያዩት ለዚህና ለመሰል ሕመሞች ነው።

«አድገሃል፣ እንግዲህ ብላ» የተባሉት

አድማጮቻችን፣ የአዋቂዎቹ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከምርመራው በኋላ የተወለዱት ልጆች አእምሯቸው ሳይጎዳ አደጉ። በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ ሐኪሞች አንጎል ማደጉን ሲጨርስ አደጋው ያልፋል ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ልጆቹን በስድስት፣ በስምንት ዓመታቸው ከምግቡ ቁጥጥር ያስወጧቸው ነበር። ቤተሰብ ተደሰተ። ልጁም እንደ እኩዮቹ ሥጋና አይብ በላ።

ዓመታት ሲያልፉ ግን ሌላ ነገር ታየ። ቁጥጥሩን ከተዉት መካከል ሐሳባቸውን መሰብሰብ ያቃታቸው፣ የጀመሩትን ሥራ መፈጸም የከበዳቸው፣ ጭንቀትና ድባቴ የተጫናቸው፣ በትንሹ የሚቆጡ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ተገኙ። ብዙዎቹ ይህ ከሕመሙ የመጣ መሆኑን አላወቁም። ቤተሰቦቻቸውም ስንፍና፣ አመል፣ አንዳንዴም የኢማን ድክመት አድርገው ቆጠሩባቸው። እ.ኤ.አ በጥቅምት 2000 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የምግቡ ቁጥጥር ለዕድሜ ልክ መሆን እንዳለበት መከሩ። እ.ኤ.አ በ2014 የወጣው የአሜሪካ መመሪያና በ2017 የወጣው የአውሮፓ መመሪያም ይህንኑ አጸኑ።

ሆኖም ቀደም ብለው ከሕክምና የተለዩት ብዙዎች ናቸው። ሁሉንም መልሶ ማግኘት አልተቻለም። አንድም ሲከታተሏቸው የነበሩት የሕፃናት ሐኪሞች ናቸው፤ ሕፃኑ ሰው ሲሆን ወዴት ይሂድ? እንደ ለንደኑ የቻርለስ ዴንት ክፍል ለአዋቂዎች ብቻ የቆሙ የሜታቦሊዝም ሕክምና ቦታዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። አንድም ሰውየው ራሱ ጤነኛ ነኝ ብሎ ይተወዋል። በልጅነቱ የዳነበትን ነገር በጎልማሳነቱ ይረሳዋል።

ቀናቸው ምን ይመስላል?

ሕመሙ የበረታበት አዋቂ ሰው ከተፈጥሮ ምግብ በቀን እንዲያገኝ የሚፈቀድለት ፕሮቲን ብዙ ጊዜ ከ10 ግራም በታች ነው። አንድ የዶሮ እንቁላል ብቻ 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። እንግዲህ አስቡት። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አይብ ፈጽሞ አይነካም። ዳቦውን፣ ሩዙን፣ እንጀራውን በሚዛን ይመዝናል። የሚበላው በአብዛኛው አትክልትና ፍራፍሬ፣ ዘይትና ስኳር፣ ፕሮቲኑ ከወጣለት ልዩ ዱቄት የተጋገረ ዳቦ ነው። ሰውነቱ የሚያስፈልገውን ሌላውን አሚኖ አሲድ ደግሞ በውኃ ከሚበጠበጥ ልዩ ዱቄት ያገኛል። ጣዕሙ የሚመር፣ ሽታው የሚከብድ ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይጠጣዋል። በየጊዜው ጣቱን ወግቶ የደም ጠብታ ወረቀት ላይ አድርጎ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። ይህን የሚያደርገው ለአንድ ወር ወይም ለአንድ ዓመት ሳይሆን ዕድሜውን ሙሉ ነው።

መድኃኒትም አልጠፋም። እ.ኤ.አ በ2007 በአሜሪካ የተፈቀደው ሳፕሮፕተሪን የተባለው መድኃኒት ኢንዛይማቸው ጥቂት ለሚሠራ አንዳንድ ሕሙማን ይረዳል። በ2018 ለአዋቂዎች የተፈቀደው ፔግቫሊያዝ የተባለው መርፌ የብዙዎችን ደም ወደ ደኅና መጠን ይመልሳል። ነገር ግን በየቀኑ የሚወጋ ነው፤ ሕይወትን የሚያሰጋ የአለርጂ መቆጣት ሊያስነሳ ስለሚችል ጥንቃቄው ብዙ ነው። ዋጋቸውም ከአብዛኛው የዓለም ሕዝብ አቅም በላይ ነው። ስለዚህ ለአብዛኞቹ ዛሬም ዋናው ሕክምና ያው የምግብ ቁጥጥር ነው።

በማዕዳችን ላይ

እኛ እንግዳ የምናከብር ሕዝብ ነን። ሰው ቤታችን ገብቶ ሳይበላ ቢወጣ ቅር ይለናል። «በሞቴ» እንላለን፣ እናጎርሳለን። በወሊማ፣ በዐቂቃ፣ በሰደቃ ላይ ሥጋ ሳይቀምስ የተነሳ ሰው ንቆን ይመስለናል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ወንድም ወይም እህት እጁን ሲሰበስብ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አናስገድደው። «አንዲት ጉርሻ ምን ታደርጋለች?» አንበል። የአንድ ቀን ድርሻው ከአንዲት ጉርሻ የማይበልጥ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሥጋውን አንስተን ሽሮ ወይም ምስር ብናቀርብለት የረዳነው ይመስለን ይሆናል። አይደለም። ምስርም ሽሮም ባቄላም ፕሮቲናቸው ብዙ ነው፤ ለእርሱ እንደ ሥጋው ናቸው። የኢፍጣር ሳምቡሳ በሥጋም ይሞላ በምስር ለእርሱ ልዩነት የለውም። ጎመኑ፣ ካሮቱ፣ ቲማቲሙ፣ ፍራፍሬው ይሻለዋል። ከሁሉም የሚሻለው ግን «ምን ላቅርብልህ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ነው።

ሦስተኛ፣ «ስኳር የሌለው ይሻላል» ብለን የምንገዛለት ለስላሳ መጠጥ ሊጎዳው ይችላል። ብዙዎቹ ስኳር አልባ መጠጦችና ማስቲካዎች የሚጣፍጡት አስፓርቴም በሚባል ነገር ነው፤ እርሱ ደግሞ ፌኒልአላኒን አለበት። በአሜሪካና በአውሮፓ በሚሸጡት ላይ ይህ መጻፉ ግዴታ የሆነው ለእነዚህ ሰዎች ሲባል ነው። ለእነርሱ ተራው ስኳር ያለበት ይሻላቸዋል።

አራተኛ፣ ሰው ፊት አንጠይቀው፣ አናዋርደው። ምሳውን ይዞ ቢመጣ ምሳው ሕክምናው ነውና እንደ ነውር አንቁጠርበት።

ስለምታረግዝ እህት

ከምንናገረው ሁሉ ይበልጥ ልብ እንዲባልልን የምንፈልገው ይህን ነው። ፒኬዩ ያለባት ሴት ታገባለች፣ ትወልዳለችም። ነገር ግን በእርግዝናዋ ጊዜ በደሟ ያለው ፌኒልአላኒን ከፍ ያለ ከሆነ በእትብት በኩል አልፎ ፅንሱን ይጎዳል። ፅንሱ ራሱ ሕመሙ ባይኖርበትም እንኳ ይጎዳል። እ.ኤ.አ በ1980 በታተመ ጥናት ደማቸው በጣም ከፍ ብሎ ሕክምና ሳይደረግላቸው ከወለዱት እናቶች ልጆች መካከል 92 በመቶዎቹ የአእምሮ ዝግመት ነበረባቸው፤ 73 በመቶዎቹ ጭንቅላታቸው ከመጠን ያነሰ ነበር፤ 12 በመቶዎቹ የልብ ጉድለት ይዘው ተወልደዋል።

የምሥራቹ ግን ይህ ሁሉ መከላከል የሚቻል መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ በ1984 የተጀመረ የብዙ ዓመታት ጥናት እንዳረጋገጠው፣ እናቲቱ ከማርገዟ በፊት ምግቧን አስተካክላ ደሟን ወደ ደኅና መጠን ካወረደችና እስክትወልድ ከጠበቀችው ጤነኛ ልጅ ትወልዳለች። ወሳኙ ቃል «ከማርገዟ በፊት» የሚለው ነው። የፅንሱ ልብና አንጎል መሠራት የሚጀምረው ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነውና።

እዚህ ላይ ባልም፣ እናትም፣ አማትም ድርሻ አላቸው። እርጉዝ ስትከሳ ስናይ ወተት ጠጪ፣ እንቁላል ብዪ፣ ሥጋ ይጠበስልሽ የምንለው ከፍቅር ነው። ለእንዲህ ያለች እህት ግን ያ ፍቅር የልጅ ልጃችንን ይጎዳዋል። ሙሽራዋ ሕመሟን ብትደብቅ ከፍርሃት ነው። «ጉድ አለባት» ይሉኛል፣ እፈታለሁ ብላ ነው። ስለዚህ እንድትናገር የሚያደርጋት ቤት እንሁንላት። ባሏ ከኒካሕ በፊት ቢያውቅ፣ ካወቀም በኋላ አብሯት ቢቆም፣ በቤቱ ውስጥ የሚድነው የገዛ ልጁ ነው።

ረመዳን ሲመጣ

በዘር ከሚወረሱት የሜታቦሊዝም ሕመሞች ብዙዎቹ ረጅም ሰዓት ሳይበሉ መዋልን አይችሉም። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ሰውነት ከውጭ ምግብ ሲያጣ የራሱን ስብና ጡንቻ ማፍረስ ይጀምራል። ፒኬዩ ያለበት ሰው የገዛ ጡንቻው ሲፈርስ ፌኒልአላኒኑ ከውስጥ ይጨምርበታል። ስብን ወደ ኃይል መለወጥ የማይችሉ አሉ፤ እነርሱ ስኳራቸው በድንገት ወርዶ ራሳቸውን ይስታሉ። ጉበታቸው ያከማቸውን ስኳር መልቀቅ የማይችሉም አሉ፤ ሌሊቱን እንኳ በየጥቂት ሰዓቱ ያልበሰለ የበቆሎ ስታርች በውኃ በጥብጠው እየጠጡ ያድራሉ። ሌሎች ደግሞ ከፕሮቲን የሚወጣውን አሞኒያ ማስወገድ አይችሉም፤ ሲጾሙ ወይም ትኩሳት ሲይዛቸው አሞኒያው ወደ አንጎላቸው ይወጣል።

ሸሪዓችን ለሕመምተኛ መፍቀዱን ሁላችንም እናውቃለን። ለመዳን ተስፋ የማይደረግበት ሕመም ያለበት ሰው ስላልጾመው ቀን ሚስኪን ያበላል፤ ይህም ፊድያ ነው። ስለዚህ ጾም ይጎዳሃል ብሎ ሐኪም የነገረው ሰው፣ ቁመናው ያማረ ወጣት ቢሆንም፣ በረመዳን ቀን ሲበላ ብናየው በክፉ አንጠርጥረው። እርሱም ከሰው ዓይን አፍሮ ነፍሱን ለአደጋ አይስጥ። ዝርዝሩን ከሚከታተለው ሐኪምና ከሚያምነው ዓሊም ጋር ይማከር። አላህ የፈቀደውን መቀበልም መታዘዝ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። አሞኒያ በደም ውስጥ ሲበዛ ሰውየው ያስመልሰዋል፣ ይፈዛል፣ የማይያያዝ ነገር ይናገራል፣ የሚያውቃቸውን ሰዎች አይለያቸውም። የዚህ ሕመም ተሸካሚ ከሆኑ ሴቶች መካከል ዕድሜያቸውን ሙሉ ደኅና ኖረው ከወለዱ በኋላ ባሉት ቀናት እንዲህ የሚሆኑ አሉ። በአካባቢያችን እንዲህ ያለች አራስ ስትታይ «ጂን ለክፏት ነው» ይባላል። ቁርኣን ይቀራላት፣ ዱዓም ይደረግላት። ነገር ግን ያኔውኑ ሐኪም ቤት ትወሰድ፤ በቤተሰቡ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም ካለ፣ ወይም በአራስነታቸው ያለ ምክንያት የሞቱ ወንዶች ልጆች ካሉ፣ ለሐኪሙ ይነገረው። ሰዓታት ዋጋ አላቸው። በሽታቸው የታወቀ አዋቂዎችም በድንገት ቢታመሙ ምን መደረግ እንዳለበት ከሐኪማቸው የተጻፈ ደብዳቤ በኪሳቸው ይያዙ፤ የቤት ሰውም የት እንዳለ ይወቅ።

ስለ ዘርና ስለ ጋብቻ

ፒኬዩ የሚተላለፈው ከሁለቱም ወላጆች ነው። እናትም አባትም አንድ አንድ የተበላሸ ዘረመል ተሸክመው፣ እነርሱ ግን ጤነኞች ሆነው ይኖራሉ። በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል ልጁ ይታመማል፤ ከአራት ሁለት እንደ ወላጆቹ ተሸካሚ ይሆናል፤ ከአራት አንድ ፈጽሞ ነጻ ነው። ስለዚህ «በአንቺ ነው የመጣው፣ በእናንተ ዘር ነው» ብሎ ሚስትን መውቀስ ከእውቀትም ከፍትሕም የራቀ ነው።

ዘመዳሞች ሲጋቡ አንድ ዓይነት ዘረመል የመገናኘቱ ዕድል ይጨምራል። በእንግሊዝ ብራድፎርድ ከተማ በተወለዱ ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ በ2013 የታተመ ጥናት፣ ከአጎትና ከአክስት ልጆች ጋብቻ በተወለዱት ላይ የአፈጣጠር ጉድለት ከ100 ከ3 ወደ 6 ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ይህ ማለት ከ100 ልጆች 94ቱ ደኅና ናቸው ማለትም ነው። ሕመሙም የዘመድ ጋብቻ ብቻ ያመጣው አይደለም፤ በቱርክና በኢራን እንደሚበዛ ሁሉ በአየርላንድም ይበዛል። የአጎት ልጅን ማግባት በሸሪዓችን የተፈቀደ ነው፤ በአፋር ወገኖቻችን ዘንድ አብሱማ ተብሎ የተከበረ ልማድም ነው። እኛ የምንለው ይህን ነው፦ በቤተሰቡ ውስጥ የታወቀ የዘር ሕመም ካለ ከጋብቻ በፊት አይደበቅ፤ ሐኪም ይማከር። የተፈቀደ ነገር ሁሉ በየቤቱ የሚስማማ ላይሆን ይችላልና።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ለማጠቃለል ያህል፣ በቀደር ማመን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ፒኬዩ ያለበት ሰው ጠዋት ተነስቶ ያንን መራራ ዱቄት በጥብጦ የሚጠጣው፣ ዳቦውን የሚመዝነው፣ ከሚጣፍጠው ነገር እጁን የሚሰበስበው አላህ የሰጠውን አእምሮ በአማና ለመጠበቅ ነው። ይህ በየቀኑ የሚታደስ ሰብር ነው። እርሱ ይህን ያህል ከደከመ የእኛ ድርሻ ቀላል ነው፦ አለማስገደድ፣ አለመጠርጠር፣ ምስጢሩን መጠበቅ፣ ከሕክምናው ርቆ ከሆነም «ወንድሜ፣ ተመለስ፤ አብሬህ እሄዳለሁ» ማለት።

አላህ (ሱ.ወ) ለሕሙማኖቻችን ሺፋውን፣ ለቤተሰቦቻቸው ሰብሩን፣ ለሁላችንም ማስተዋሉን ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።